እጣቢውን ከመድፋታችን በፊት

በቆላ አገር ቤት የምታስተዳድር እናት ቀኗን የምትጀምረው ጀሪካን በመቁጠር ነው። ስንቱ ሙሉ፣ ስንቱ ጎዶሎ፣ ስንቱ ባዶ እንደ ሆነ ሳታውቅ የቡና ጀበና እንኳ አትጥድም። እኔም በጭፍራ ከተማ ይህንኑ ሳደርግ ዓመታት አልፈዋል። ከወልድያ ወደ ሚሌ በሚወርደው መንገድ የተጓዙ አንባብያን የከተማችንን ሙቀት ያስታውሱታል። በአፋርኛ ውኃ «ሌ» ይባላል። ቃሉ አንዲት ፊደል ቢሆንም እዚህ አገር ከእርሱ የሚከብድ ቃል የለም።

ስድስት ነፍስ በሚኖርበት ቤቴ በቀን አምስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን እንጠቀማለን። ይህም 100 ሊትር መሆኑ ነው። ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም. በነበረው ሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ለአንድ የገጠር ነዋሪ በቀን 25 ሊትር እንዲደርስ ታስቦ እንደ ነበር ሳስታውስ፣ የእኛ ድርሻ ከዚያም በታች መሆኑን እረዳለሁ። አንድ ቀን ነገሩን በሌላ ዐይን ለማየት ፈለግሁና ለመጠጥና ለምግብ የዋለውን ለብቻ፣ ለእጥበት የዋለውን ለብቻ ሰፈርሁ። ለመጠጥና ለምግብ የሄደው ሁለት ጀሪካን እንኳ አልሞላም። ከሦስት ጀሪካን የሚበልጠው ዕቃ፣ ልብስና ገላ ታጥቦበት ወደ ደጅ ተደፍቷል። በገንዘቤ ገዝቼ፣ በልጆቼ ጀርባ አስጭኜ ያመጣሁትን ውኃ አንድ ጊዜ ብቻ ተጠቅሜ ለዝንብ እገብር ነበር ማለት ነው።

ዛሬ ለእኅቶቼ የማካፍለው ይህን እጣቢ አጣርቶ ለተክል ለማዋል ያደረግሁትን ሙከራ ነው። የተሳካልኝን ብቻ ሳይሆን ያበላሸሁትንም እናገራለሁ፤ ከስኬቱ ይልቅ ከስሕተቱ ብዙ ተምሬአለሁና።

ነገሩ የተጀመረው በዛፍ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማችን በደረሰ ጊዜ እንደ ብዙው ጎረቤት ልጆቼን ይዤ ወጥቼ ነበር። ተመልሰን ስንገባ በግቢያችን ጥላ ይሰጠን የነበረው የኒም ዛፍ ተቆርጦ ጉቶው ብቻ ቀርቶ አገኘነው። ዕቃ ቢጠፋ ይተካል፤ በቆላ አገር ዛፍ ማጣት ግን ጣራ ከማጣት አይተናነስም። ልጆቹ ከቀትር በኋላ የሚቀመጡበት፣ እኔም ሽንኩርት የምልጥበት ስፍራ አልነበረም። ስለዚህ አንድ የኒም፣ ሁለት የፓፓያና አንድ የሎሚ ችግኝ ተከልን። መትከሉ ቀላል ነበር። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው፤ ለችግኙ የሚሰጥ እያንዳንዱ ጆግ ውኃ ከልጆቹ ላይ የሚቀነስ ነበር። ባለቤቴም፣ «ወይ ዛፉን፣ ወይ ልጆቹን አሳድጊ» እያለ ይቀልድብኝ ነበር። ቀልዱ ግን የሚያስቅ አልነበረም።

በዚህ መካከል አንድ ቅዳሜ ልብስ አጥቤ እጣቢውን እንደ ልማዴ ወደ መተላለፊያው ደፋሁ። ብዙም ሳይቆይ ጎረቤቴ፣ በዕድሜ እናቴን የሚያህሉት የአፋር ወይዘሮ፣ የልጅ ልጃቸውን እጅ ይዘው ከደጄ ቆሙ። ሕፃኑ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነበር። ከሰሞኑም ተቅማጥ ይዞት እንደ ነበር ሰምቻለሁ።

«ልጄ፣ ይህን ውኃ ወደ እኔ በር ምን አመጣው?» አሉኝ።

«እኔ የደፋሁት ከደጄ ነው እማማ፤ ራሱ ነው የሄደው» ብዬ መለስሁ። ምነው ባልመለስሁ የምለው መልስ ነው።

«ውኃ ዐይን የለውም፤ የሚመራው ሰው ነው» አሉ ድምፃቸውን ሳያነሡ። «እኛ በበረሓ ሳለን ውኃ የደፋ ልጅ ይቀጣ ነበር። አንቺ ገዝተሽ ትደፊዋለሽ። እኔ ደግሞ በማለዳ ተነሥቼ ዝንቡን አባርራለሁ።»

ይህን ብለው ሄዱ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባላል። እኔ ግን በአንድ ሳፋ እጣቢ ጎረቤቴን አስቀየምሁ። የሕፃኑ በሽታ ከእጣቢው ይምጣ ከሌላ ማንም ሊለየው ባይችልም፣ ከደጃቸው የነበረው ጭቃ የእኔ ለመሆኑ ማስረጃ አያሻውም ነበር።

በማግስቱ ጥፋቴን ለማረም ስል ሌላ ጥፋት ሠራሁ። እጣቢውን ሁሉ በቀጥታ ወደ ችግኞቹ ሥር ማፍሰስ ጀመርሁ። ሁለት ሳምንት ያህል ደስ ብሎኝ ሰነበትሁ። ከዚያ ግን የፓፓያዎቹ ቅጠል ዳር ዳሩን በእሳት የተለበለበ መሰለ። ሎሚው ቅጠሉን አራገፈ። አፈሩ ላዩ ነጣ፤ ውኃ ሲፈስስበትም እንደ ድሮው አይጠጣም፣ ላዩ ላይ ቆሞ ይውላል። ሽታውማ አይነሣ።

የእርሻ ትምህርት የተማረ አንድ ዘመዳችን ሊጠይቀን መጥቶ አፈሩን በእጁ አሸት አደረገና፣ «እህቴ፣ ይህ እኮ የሳሙናው ሶዲየም ነው» አለኝ። ብዙው የዱቄት ሳሙና ሶዲየም የሚባል የጨው ዘር አለበት። ይህ ጨው በአፈር ውስጥ ሲጠራቀም ሥሩ ውኃ እንዳይስብ ይከለክላል፤ የአፈሩንም ቅንጣቶች በታትኖ ቀዳዳውን ይደፍናል። ዘመዳችን ምሳሌ ያደረገልኝ ከአዋሽ ሸለቆ ነው። በአሚባራ በመስኖ ይለማ ከነበረው ሰፊ የጥጥ መሬት ከፊሉ የከርሰ ምድሩ ውኃ ከፍ እያለ ጨው ስላወጣበት ከእርሻ ውጭ እስከ መሆን ደርሷል። የወረር የእርሻ ምርምር ማዕከልም ጨዋማ መሬትን እንደገና ለማልማት ሲመራመር ኖሯል። በመቶ በሚቆጠር ሄክታር ላይ የደረሰው ነገር በእኔ አራት ችግኝ ሥር በትንሹ ደርሶ ነበር።

መፍትሔ ፍለጋ ስባዝን ያልጠበቅሁት ምክር ከአዲስ አበባ መጣ። እኅቴ ከሌሎች ሴቶች ጋር ሆና እንጉዳይ ታመርታለች። በስልክ ስንጫወት ችግሬን ብነግራት፣ «እኛ እንጉዳዩን ለቅመን ስንጨርስ የምንጥለው ብስባሽ አለ፤ ውኃ ያጣራል ሲሉ ሰምቻለሁና ልላክልሽ?» አለችኝ። እኔ እንጉዳይ ሲባል የማውቀው በልጅነቴ በክረምት ከበሰበሰ ግንድ ሥር ብቅ ሲል «የጅብ ጥላ ነው፣ አትንኩት» የምንባለውን ነበር። ሳቅሁባት። በሳምንቱ ግን ሁለት ማዳበሪያ ሙሉ ብስባሽ በአውቶቡስ ተጭኖ መጣ።

ነገሩን ለመረዳት ስለ ፈንገስ ትንሽ ማወቅ ያስፈልጋል። ፈንገስ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የቡሖው እርሾ ከዚሁ ወገን ነው፤ የከረመ እንጀራ ላይ የምናየው ሻጋታም እንዲሁ። ከመሬት በላይ የምናየው እንጉዳይ የፈንገሱ ፍሬ ሲሆን፣ ዋናው አካሉ በገለባው ወይም በእንጨቱ ውስጥ ተሰውሮ የሚኖረው፣ ማይሲሊየም የሚባለው ነጭ ድር ነው። ይህ ድር ከፈትል የቀጠነ ነው። ይሁን እንጂ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ ሚሊዮን ሆኖ ሲጠላለፍ ውኃ ያልፍበታል፤ ጉድፍ ግን ይያዛል። ከዚህም በላይ ኢንዛይም የሚባሉ ንጥረ ነገሮችን እያመነጨ ምግቡን ከአካሉ ውጭ ይፈጫል። እንደ ኦይስተር ያሉት እንጉዳዮች የእንጨትን ጠንካራ ክፍል ሳይቀር የሚያፈርሱት በዚህ ነው። ይኸው ኃይላቸው ቅባትን፣ ቀለምንና የሳሙናን አንዳንድ ክፍሎች ለመበጣጠስ ያስችላቸዋል።

ይህን ጠባይ ለውኃ ማጣሪያነት በማዋል ስሙ የሚጠራው አሜሪካዊው የእንጉዳይ አብቃይ ፖል ስታሜትስ ነው። በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት በሚገኘው መሬቱ ከከብቶች ግቢ የሚወርደው ጎርፍ በእንጉዳይ መደብ ውስጥ ካለፈ በኋላ በውኃው ውስጥ የነበሩት የዓይነ ምድር ባክቴሪያዎች መቀነሳቸውን ተመልክቶ፣ ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተመው መጽሐፍ አስተዋውቋል። ከዚያ ወዲህ የተደረጉት የላቦራቶሪ ሙከራዎች ያሳዩት ግን ባክቴሪያው እንደሚቀንስ እንጂ ፈጽሞ እንደማይጠፋ ነው። ይህን ልብ እንበል፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

በአገራችንም እጣቢን ለአትክልት የማዋል ሙከራ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2010 በአውሮፓ ኅብረት ድጋፍ «ሮዛ» በተባለው ፕሮጀክት አርባ ምንጭ ከኬንያ፣ ከኡጋንዳና ከታንዛኒያ ከተሞች ጋር ተሳትፋ ነበር። በዚያም በአንዳንድ ቤቶች የእጣቢ ማማ የሚባለው ተሞክሯል። አሠራሩም እንዲህ ነው፤ ዙሪያውን በእንጨት ተደግፎ በጨርቅ የተጠቀለለ የአፈር ቁልል ይቆማል። መካከሉ ላይ ከላይ እስከ ታች የድንጋይ ዓምድ ይደረጋል። እጣቢው በድንጋዩ ላይ ሲፈስስ ወደ አፈሩ ይሠርጋል። አትክልቱም ከጨርቁ ጎን በተበሱ ቀዳዳዎች ይበቅላል። እኔ ያደረግሁት የእንጉዳዩን ድርና የአርባ ምንጩን የድንጋይና የአፈር ዘዴ ማጋባት ብቻ ነው።

አሠራሩን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

በመጀመሪያ ከታቹ የተበሳሱ ሁለት ትልልቅ ባልዲዎች አዘጋጀሁ። አንዱን በሌላው ላይ በእንጨት ማስቀመጫ አቆምሁ። ማስቀመጫውን የሠራው ባለቤቴ ነው፤ ከቀልዱ ይልቅ መጋዙ ጠቀመኝ። በታችኛው ባልዲ እስከ ግማሹ የታጠበ ጠጠር፣ ከበላዩም የታጠበ ሻካራ አሸዋ ጨመርሁ። በላይኛው ባልዲ ስስ ጆንያ ዘርግቼ የእንጉዳዩን ብስባሽ ሁለት ስንዝር ያህል ከፍታ ሞላሁት። ስሞላ አልጠቀጠቅሁትም፤ ፈንገስ እንደ እኛ አየር ይተነፍሳልና በውኃ ተዘፍቆ ከዋለ ይሞታል። ከበላዩ ውኃ ያራስሁትን የስንዴ ገለባ አለበስሁት፤ ድሩ ወደ አዲሱ ገለባ እየተሳበ ይወጣል። ብስባሹ ራሱ ጨውና ቀለም ስላለው መጀመሪያ ሁለት ሦስት ጊዜ በንጹሕ ውኃ ማጠብ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ውኃ እንደ ሻይ ጠቁሮ ይወርዳል።

እጣቢው ወደ ባልዲው ከመግባቱ በፊት የምግብ ፍርፋሪውን በጨርቅ አጠልላለሁ። ቅባት የበዛበትን ድስት አስቀድሜ በወረቀት እጠርጋለሁ፤ ቅባት ማጣሪያውን ይደፍናልና። ከዚያ ጠዋትና ማታ በጆግ እየቀዳሁ በቀስታ አፈስሳለሁ። ከታች የሚወጣው ውኃ ከችግኙ ሥር ጥቂት ራቅ ብሎ በተቆፈረና ገለባ በለበሰ ቦይ ውስጥ ይገባል። ቅጠልና ግንድ አይነካም።

የመጀመሪያው ማጣሪያዬ ሦስት ሳምንት አልቆየም። አንድ ቀን ነጭ ልብስ በበረኪና ነክሬ እጣቢውን ሳላስብ እዚያው ገለበጥሁት። በረኪና የሚሠራው ሕይወት ያለውን ለመግደል ነው፤ ጀርሙን ከፈንገሱ አይለይም። በሦስተኛው ቀን ነጩ ድር ቡናማ ሆነ፤ ባልዲውም እንደ በሰበሰ እንቁላል ሸተተ። ሁለተኛውን ማጣሪያ በጥንቃቄ ይዤው ሳለ ሚያዝያ ገባ። የኦይስተር እንጉዳይ የሚወደው ደጋማ ቅዝቃዜ ወይም መካከለኛ ሙቀት ነው። ባልዲውን ከቆርቆሮ አጥር ሥር ጸሐይ ላይ ስለተውሁት ድሩ ደርቆ እንደ ወረቀት ተቀደደ። ያን ቀን እጄን አጣጥፌ ተቀመጥሁ። ነገር ግን ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለውን የእናቴን ተረት አስታውሼ ሦስተኛውን ጀመርሁ። ይህኛውን ከቤቱ በስተ ሰሜን ጥላ ውስጥ አስቀመጥሁ፤ ባልዲውን እርጥብ ጆንያ አለበስሁት። በኅዳር ስለጀመርሁትም እስከ የካቲት ድረስ ደህና አድርጎ ሠራ። በሙቀቱ ወራት ድሩ ሲዳከም አሸዋው፣ ጠጠሩና በገለባው ላይ የሚራቡት ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ሥራውን ይይዙታል። በየሁለት ሦስት ወሩ ላይኛውን ብስባሽ አውጥቼ ወደ ኮምፖስት እጨምረዋለሁ።

አሁን ወደ ጨው ልመለስ። እኅቶቼ፣ ከሁሉ በላይ ይህን ያዙልኝ፤ እንጉዳይ ቅባት ይበላል፣ ጨው ግን አይበላም። የሳሙናው ሶዲየም በማጣሪያው ውስጥ እንደ ገባ ይወጣል። ስለዚህ ማጣሪያው የሚጀምረው ከሳሙናው ነው። የዱቄት ሳሙና በርከት ተደርጎ የገባበትን የመጀመሪያውን የልብስ እጣቢ አላጣራውም፤ ከመተላለፊያው ርቆ በተቆፈረና በድንጋይ በተሞላ የማስረጊያ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል። የማጣራው የማለቅለቂያውን፣ የገላውንና የዕቃውን ነው። ሳሙናውንም ቀነስሁ። ዝናብ በመጣ ጊዜ ጨው አጥቦ እንዲወስድ የችግኞቹን ዙሪያ አፈር እኮተኩታለሁ። ሎሚ ደግሞ ጨው የማይችል ተክል ስለሆነ እርሱ የሚጠጣው ሽንኩርትና ድንች የታጠበበትን ውኃ ብቻ ነው።

ሌሎቹንም ጥንቃቄዎች በአጭሩ ልዘርዝር። የሕፃን ሽንት ጨርቅና ጥሬ ሥጋ የታጠበበት ውኃ ወደ ማጣሪያው አይገባም። ማጣሪያው ባክቴሪያን ይቀንሳል እንጂ ስለማያጠፋ፣ የተጣራው ውኃ አይጠጣም፣ ዕቃ አይታጠብበትም፤ እንደ ሰላጣ፣ ካሮትና ቃሪያ ያሉ በጥሬያቸው የሚበሉ አትክልቶችም አይጠጡትም። ለጥላ ዛፍና ፍሬው ከመሬት ርቆ ለሚንጠለጠል ተክል ይዋል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ስለ እጣቢ አጠቃቀም ባወጣው መመሪያም ትኩረት የተሰጠው በየደረጃው ለሚደረገው መከላከያ ነው። እጣቢው ሳይጣራ አይደር፤ ካደረ ይሸታል፣ ጀርሙም ይራባል።

የተጣራውንም ውኃ ያለ ክዳን ማስቀመጥ አደገኛ ነው። አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባለው የወባ ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2016 በሶማሌ ክልል ከተገኘች ወዲህ በሰመራም ታይታለች። ይህች ትንኝ እንደ ቀድሞዎቹ ረግረግ አትፈልግም፤ በከተማ በርሜልና ገንዳ ውስጥ በተጠራቀመ ውኃ ትራባለች። ስለሆነም እኔ ከማጣሪያው የሚወርደውን ውኃ አላጠራቅምም፤ በዚያው ወደ አፈሩ ይገባል። የመጠጥ ውኃ በርሜሌንም ያለ ክዳን አልተውም።

አንድ ማለዳ ከላይኛው ባልዲ ጫፍ እንደ ጆሮ የተደራረቡ ነጫጭ እንጉዳዮች ወጥተው አገኘሁ። ትንሹ ልጄ እኅቴ ዘንድ እንደ በላው ጠብሼ እንዳቀርብለት ለመነኝ። ከለከልሁት። እንጉዳይ ከሚበቅልበት ነገር ውስጥ ያለውን ሁሉ ይስባል፤ ከእጣቢ ላይ የበቀለ አይበላም። በዚያ ላይ ሳይታወቅ የተቀላቀለ መርዛማ ዓይነት ሊኖር ይችላል።

ይህን ስንከራከር ጎረቤቴ በአጥሩ በኩል አዩን።

«ምንድን ነው ይህ ነጭ ነገር?» አሉ።

«የእጣቢው ጠባቂ ነው እማማ» አልኋቸውና አስገብቼ ሁሉንም አሳየኋቸው። ከታች የሚንጠባጠበውን ውኃ በመዳፋቸው ተቀብለው አሸተቱት። ከዚያ መተላለፊያውን ዘወር ብለው ተመለከቱ። ደረቅ ነበር።

«እንግዲህ ውኃሽ መንገዱን ዐወቀ» አሉና የልጅ ልጃቸውን ጠርተው እንዲያይ አደረጉት። ቡናዬንም ጠጥተው ሄዱ። ከዚያች ቅዳሜ ወዲህ ቡናዬን ሲጠጡ የመጀመሪያቸው ነበር።

ከአራቱ ችግኞች አንዱ ፓፓያ ደርቋል፤ የበፊቱ ጨው ሳይጎዳው አልቀረም። ሌላው ፓፓያ አብቧል። ሎሚው ገና ከጉልበቴ አላለፈም። ኒሙ ግን ቁመቱ ከባለቤቴ በልጦ፣ ከቀትር በኋላ ለሁለት ልጆች የሚበቃ ጥላ ይሰጣል። ውኃ ከልጆቹ አልተቀነሰም። የምቆጥረው ያው አምስት ጀሪካን ነው፤ ነገር ግን ከእጣቢው ሁለት ጀሪካን ያህል በየቀኑ ለዛፎቹ ይተርፋል።

አፋሮች መንገደኛ ሲገናኙ የሰሙትንና ያዩትን አንድ በአንድ የሚነጋገሩበት ዳጉ የሚባል መልካም ባህል አላቸው። ጎረቤቴ የእንጉዳዩን ነገር በዳጉ አሰራጭተውት ኖሮ ባለፈው ወር ብቻ ሦስት እናቶች ባልዲውን ሊያዩ መጥተዋል። ለእያንዳንዳቸው ከድሩ የያዘ ገለባ በላስቲክ ቋጥሬ ስሰጥ በቅድሚያ የነገርኋቸው ሁለት ነገር ነው፤ በረኪናውን ለዩ፣ ሳሙናውን ቀንሱ። በሰመራ፣ በሎግያ፣ በዱብቲና በአዋሽ ያላችሁ እኅቶችም ለመጀመር ባልዲና ብስባሽ እስክታገኙ መጠበቅ የለባችሁም። ዛሬ ማታ የምትደፉትን እጣቢ ስፈሩት፤ ወደ ማን በር እንደሚሄድም ተመልከቱ።